«ለወገን ደራሽ ወገን ነው» ስንል የምንናገረው ስለ ሰብአዊነት ነውን?

ቃል ፈላጊ (ውይይቱን የከፈተው)

የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በምኖርበት ከተማ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ለአዳዲስ አባላቱ የሚሰጥ የሥልጠና ጽሑፍ እንዳዘጋጅለት ጠይቆኝ ሥራውን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ስለ ቁስል አያያዝ፣ ስለ በሽተኛ አሸካከምና ስለ መዝገብ አጠባበቅ የሚናገሩት ክፍሎች ብዙም አላስቸገሩኝም። የተያዝኩት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። እዚያ «ሰብዓዊነት ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ርእስ ሰጥቼ ከሥሩ አንድ አንቀጽ መጻፍ ነበረብኝና የሚከተለውን ጻፍኩ፦

«ሰብዓዊነት ማለት ችግር ላይ ለወደቀ ወገን ማዘን፣ ካለን ላይ ማካፈልና በክፉ ቀን ደርሶ ከጎኑ መቆም ነው። ለወገን ደራሽ ወገን ነው።»

እውነቱን ለመናገር አንቀጹ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ጡረታ ለወጡ አንዲት ነርስ ጎረቤቴ ሳነብላቸው ግን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ወገንህ ያልሆነውስ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የለኝም። «ወገን» የሚለው ቃል ከዚህ ጽሑፍ መውጣት አለበት? ሰብዓዊነትስ ከበጎ አድራጎትና ከምጽዋት በምን ይለያል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የቆሎ ተማሪው

ከቃሉ ሥር ብንነሣ ይሻላል። «ሰብአዊ» የተገኘው «ሰብእ» ከሚለው የግእዝ ቃል ሲሆን ትርጉሙም ሰው፣ ሰዎች ማለት ነው። ስለዚህ የሚጻፈው በአልፋው «አ» ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ጋዜጦች፣ ጠያቂያችንም ጭምር፣ በዐይኑ «ዓ» ይጽፉታል፤ ሆኖም «ሰብዓ» በግእዝ 70 ቁጥር ነውና «ሰብዓዊ መብት» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ሰባ መብቶች የሚናገር ይመስላል። ልማድ ያጸናውን ነገር በየመንገዱ እየተከተልኩ የማርም ሰው አይደለሁም፤ ይሁንና የሥልጠና ጽሑፍ ከሆነ ቢታረም መልካም ነው።

አማርኛ «ሰው» የሚል የራሱ ቃል እያለው ስለምን ከግእዝ መበደር አስፈለገው ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ሰውነት» የሚለው ቃል አስቀድሞ ስለ ተያዘ ይመስለኛል። «ሰውነቴን አመመኝ» ስንል የምንናገረው ስለ ሥጋችን ነው። ሥጋ ለለበሰው አካል ቃሉን ከሰጠን በኋላ ረቂቁን ሐሳብ የሚሸከም ሌላ ቃል አስፈለገና ወደ ግእዝ ዞርን። ሐሳቡ ግን ቃሉ ከመምጣቱ በፊትም በሕዝቡ አነጋገር ውስጥ ነበረ። «ሰው አይደለህም እንዴ?»፣ «እንደ ሰው አልቆጠረኝም»፣ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚሉትን አስቡ። በእነዚህ አነጋገሮች ውስጥ «ወገን» የሚል ቃል የለም።

ምጽዋትን በተመለከተ፣ ምጽዋት ከሰጪው ነፍስ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። «ስለ ማርያም» ብሎ የሚለምን ሰው ለሰጪው በረከት እንዲያገኝ ዕድል እየሰጠው ነው፤ የሰጪው ዋጋ በሰማይ ይጠብቀዋል። በጎ አድራጎት ደግሞ የሥራውን ዓይነት ይናገራል። ሰብአዊነት የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከሰጪው ነፍስም ከሥራውም ሳይሆን ከተቀባዩ ሰው መሆን ይነሣል። በእኔ ግምት ሦስቱ አይጣሉም፤ አንድ ሰው በአንድ ቁራሽ እንጀራ ሦስቱንም ሊፈጽም ይችላል። ሲተረጎሙ ግን መቀላቀል የለባቸውም።

ፈጥኖ ደራሽ

የተራበ ሰው «አ» በአልፋው ይሁን በዐይኑ ብሎ አይጠይቅም። ወንድሜ፣ «ወገን» ያልከው መልካም ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ቃል ነው። ቃል ስትሰነጥቅ ክረምቱ እንዳያልፍብህ።

ሲረን

ፈጥኖ ደራሽ፣ የተራበው ሰው ስለ ፊደሉ አይጠይቅም ማለትዎ ትክክል ነው፤ አስተዛዛኙ ግን «የማን ወገን ነህ?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። የጠያቂያችን ጎረቤት የፈሩትም ይህንን ይመስለኛል።

ለብዙ ዓመታት በአምቡላንስ ላይ ሠርቻለሁ፤ የሥራውን ታሪክ የተማርኩትም ለሥልጠና በተቀመጥኩባቸው ክፍሎች ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1859 በሰሜን ኢጣሊያ ሶልፌሪኖ በተባለች ቦታ የፈረንሳይና የሰርዲኒያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር ተዋጋ። ሄንሪ ዱናን የተባለው የጄኔቫ ነጋዴ በአካባቢው የተገኘው ለራሱ ጉዳይ ነበር፤ በአልጄሪያ ስላለው ንግዱ የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ሊማጠን ሲጓዝ ነው ጦርነቱ ያጋጠመው። በአቅራቢያዋ በነበረችው በካስቲሊዮኔ ከተማ ቤተ ክርስቲያኖቹ በቁስለኛ ተጨናንቀው ሲያይ ጉዳዩን ትቶ ውኃ ማመላለስና ቁስል ማጠብ ጀመረ። የከተማዋ ሴቶች የፈረንሳዩንም የኦስትሪያውንም ወታደር እኩል አስታመሙ፤ «ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው» ይሉ ነበር ይባላል። ልብ በሉ፣ ኦስትሪያውያኑ ለእነዚያ ሴቶች ወገን አልነበሩም፤ ጠላት ነበሩ።

ዱናን ያየውን እ.ኤ.አ. በ1862 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በዓመቱ በጄኔቫ በኋላ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለመባል የበቃው ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1864 ደግሞ አሥራ ሁለት መንግሥታት የመጀመሪያውን የጄኔቫ ስምምነት ፈረሙ። ዛሬ ሁላችን የምናውቃቸው ሰባቱ የቀይ መስቀል መርሖዎች የታወጁት ግን ከመቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 በቪየና ነው፤ እነሱም ሰብአዊነት፣ አለማዳላት፣ ገለልተኝነት፣ ነጻነት፣ በጎ ፈቃድ፣ አንድነትና ዓለም አቀፋዊነት ናቸው። ሰልጣኞች አለማዳላትንና ገለልተኝነትን ሁልጊዜ ያደበላልቋቸዋል። አለማዳላት ከተቸገረው ሰው ጋር ያለንን ነገር ይመለከታል፤ ዘሩን፣ ሃይማኖቱንና ፖለቲካውን ሳንቆጥር የባሰበትን ማስቀደም ነው። ገለልተኝነት ግን ከተዋጊዎቹ ጋር ያለንን ነገር ይመለከታል፤ በጠባቸው ውስጥ አለመግባት ነው። አንዱ ልብ ነው፤ ሌላው ልቡ ኬላ እንዲያልፍ የሚያስችለው መንገድ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ስናገር፣ የሰብአዊነት ፈተና የሚጀምረው ወገን ከሚያልቅበት ቦታ ነው። ለልጄ ወተት ስገዛ ማንም ሰብአዊ አይለኝም።

የቦሩሜዳ ልጅ

አሰላሙ አለይኩም። ወንድማችን ሲረን ስለ ሶልፌሪኖ ሲነግሩን ነገሩ ከአውሮፓ የመጣ እንዳይመስል ብዬ ነው የምጽፈው። በቅዱስ ቁርኣን ሰባ ስድስተኛው ምዕራፍ «አል ኢንሳን» ይባላል፤ ትርጉሙ «ሰው» ነው። በዚያ ምዕራፍ ስምንተኛው አንቀጽ ላይ የሚመሰገኑት ምግብን እየወደዱት ለድኻ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ የሚያበሉ ናቸው። ድኻና የቲም ከመንደርህ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምርኮኛ ግን ትናንት ሰይፍ የመዘዘብህ ሰው ነው። በቀጣዩ አንቀጽም የሚያበሉት ሰዎች ከተቀባዮቹ ዋጋም ምስጋናም እንደማይፈልጉ ይናገራሉ። የቆሎ ተማሪው ስለ ሰጪው ዋጋ ያነሡትን ነገር በዚህ በኩል ቢመለከቱት ደስ ይለኛል።

በክርስቲያን ወንድሞቻችንም ዘንድ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ የተነገረው «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ ሆኖ አይደለምን? ጥያቄው የጠያቂያችን ጎረቤት ካነሡት ጥያቄ ጋር አንድ ነው።

ታሪክ አስተማሪ

ከሀገራችን ታሪክ ሁለት ነገር ልጨምር፤ አንዱ ያኮራል፣ ሌላው ያሳፍራል።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተመልሰው ሲገቡ ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዝዘዋል። ከአራት ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም.፣ በዚያችው ከተማ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ገና ከሰው ልብ ሳይጠፋ በከተማይቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢጣሊያውያን ነበሩ። የፖለቲካ ስሌት አልነበረበትም አልልም፤ እንግሊዞችም ስለ ኢጣሊያውያኑ ደኅንነት ይጨነቁ ነበር። ያም ሆኖ የበቀል እጅ በብዛት አልተነሣም።

ሁለተኛው የአድዋ ነገር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተማረኩት መካከል ኢጣሊያውያኑ ወደ መሐል አገር ተወስደው ከሰላሙ ውል በኋላ ለአገራቸው በቁ። ለኢጣሊያ ተሰልፈው የተማረኩት የአገር ተወላጅ ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ግን እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ከእነሱ ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ከባሕር ማዶ ለመጣው ጠላት የተገኘው ምሕረት ቋንቋችንን ለሚናገረው ጠላት አልተገኘም።

ይህንን የማነሣው አባቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ በዘመኑ ክዳት የሚያስከትለው ቅጣት የታወቀ ነበር። ነገር ግን ሲረን «የሰብአዊነት ፈተና የሚጀምረው ወገን ከሚያልቅበት ነው» ያሉትን አንድ እርምጃ ማስኬድ እፈልጋለሁ። ከሩቅ ለመጣ ባዕድ መራራት ከባድ አይደለም፤ እንግዳ ተቀባይነታችን የታወቀ ነው። የሚከብደው ትናንት ወገኔ ለነበረውና ዛሬ ከወዲያ ማዶ ለቆመው መራራት ነው። ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት በራሳችን ዘመን ያየነውን ጦርነት እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም።

ከአርሊንግተን

ሁሉንም በአክብሮት አነበብኩ፤ ነገር ግን «ወገን» የሚለው ቃል እዚህ መድረክ ላይ ያለ ጠበቃ እየተፈረደበት ስለ መሰለኝ ጠበቃ ልሁንለት።

አሜሪካ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ለድርቅ፣ ለጎርፍ፣ ለተፈናቃይ፣ ለቀዶ ሕክምና፣ እዚህ ሞቶ አስከሬኑ ወደ አገር ለሚላክ ሰው ሳይቀር ገንዘብ ስንሰበስብ ኖረናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቆሜ «ለሰው ልጅ ሁሉ እናዋጣ» ብል የሚሰማኝ ጥቂት ነው። «ወገናችሁ ነው» ስል ግን ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ያደረ ሰው ኪሱን ያራግፋል። ልብ የሚነሣው በቅርብ ነገር ነው፤ ፍቅር ከቤት ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ይሄዳል እንጂ ከጄኔቫ ተነሥቶ ወደ ቤት አይመጣም። ዕድራችን፣ ዕቁባችን፣ ደቦአችን በሙሉ የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜም በየመንደሩ ባዶ እጁን ለመጣ ዘመዱ የመጨረሻዋን ቁና ያካፈለ ገበሬ ስንቱን እንዳተረፈ ማንም አልመዘገበውም።

አንድ ነገር ግን ልደብቅ አልችልም። በቅርቡ ጦርነት ጊዜ አንድ አዳራሽ የነበረው መዋጮአችን ሦስትና አራት ቦታ ተከፈለ። እያንዳንዱ ለየራሱ «ወገን» ሰበሰበ። በአንድ አዳራሽ አጠገብ ለአጠገብ እየተቀመጥን ለአንድ አገር ችግረኞች የምናዋጣው ሰዎች በሌላው ሣጥን ውስጥ አሥር ዶላር መጣል እንደ ክዳት የሚታይበት ጊዜ መጣ። ስለዚህ ጥብቅናዬን አላነሣም፤ ደንበኛዬ ግን ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም።

ሚዛን ያዥ

ስለ ቃሉ የምታውቁትን ያህል አላውቅም፤ ስለ ስንዴ ክፍፍል ግን ጥቂት አውቃለሁ፤ በሰሜን ምሥራቅ አገራችን በአንድ ወረዳ ለሰባት ዓመታት የእርዳታ እህል ሳስመዝግብና ሳከፋፍል ቆይቻለሁና።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። መመሪያው «እንደ ችግሩ መጠን» ይላል፤ ሲረን አለማዳላት ብለው የጠሩት መሆኑ ነው። ስለዚህ በየጎጡ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ማን መሬት አለው፣ ማን በሬ አለው፣ ማን ወንድ ልጁ ከተማ ሄዶ ይልክለታል ተብሎ ይመዘናል፤ ከዚያ ስም ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ፍትሕ የለም።

አንድ ዓመት ከወረዳው የመጣው ኮታ ለተመዘገቡት ግማሽ እንኳ የማይበቃ ሆነ። ኮሚቴው ሌሊቱን ሲከራከር አድሮ የባሰባቸውን ለየና ስማቸውን አነበበ። እህሉ ተሰፍሮ ተሰጠ፤ ሰዎቹ ፈረሙ፤ እኔም ሪፖርቴን ጽፌ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግሥቱ በመንደሩ ሳልፍ ከዋርካው ሥር ማዳበሪያዎቹ ሁሉ ተፈትተው እህሉ አንድ ላይ ተከምሮ አገኘሁት። አንድ ሽማግሌ በጣሳ እየሰፈሩ ለተነበበውም ላልተነበበውም እኩል ያካፍሉ ነበር። ደነገጥኩ። «አባቴ፣ ይህ እኮ ለባሰባቸው የተሰጠ ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ የዘንድሮው የባሰበት ይህ ነው፤ የከርሞው ማን እንደ ሆነ አንተ ታውቃለህ?» አሉኝ።

በሕጉ መሠረት ያ አሠራር ስሕተት ነው። ሕፃን የታቀፈች እናት ለወር የሚበቃትን ልታገኝ ሲገባ ለአሥር ቀን የሚሆን ብቻ ደረሳት፤ ይህ ቀልድ አይደለም፤ በተመጣጠነ ምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሃያ ቀን አይጠብቅም። በሌላ በኩል ደግሞ ሽማግሌው የሚያውቁትን እኔ አላውቅም ነበር። እኔ አንድ ቀን ከዚያ እሄዳለሁ፤ እነሱ ግን እርስ በርስ እየተያዩ ይኖራሉ። ስሙ ያልተነበበው ጎረቤት የተነበበለትን በሬ ውሰድና እረስ ብሎ የሚያበድረው ነው። ያች እናትም ከዚያ ክምር ብታስቀር ኖሮ በሚቀጥለው ሐምሌ ማንም እሳት አይሰጣትም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት በልኩ የሆነ ነገር ነው። ለሕፃናት የሚሰጠውን ፋፋና ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠውን አልሚ ምግብ ከጠቅላላው ራሽን ለይቼ በጤና ኬላ በኩል በየሳምንቱ እየተመዘኑ እንዲወስዱት አደረግሁ፤ ሽማግሌዎቹም «ይህ መድኃኒት ነው» ብለው ተቀበሉትና ወደ ክምሩ አልገባም። የቀረውን ስንዴ ግን በዋርካው ሥር ሲያካፍሉት ሳይ አንገቴን አዙሬ አልፍ ነበር። በሪፖርቴ አልጻፍኩትም። ይህን ያደረግሁት ትክክል ስለ ነበር ይሁን ስለ ደከመኝ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ለጠያቂያችን የምመክረው አንድ ነገር ነው። በጽሑፍዎ ላይ «ማዘን» የሚለውን ቃል ያውጡት። ሲያዝኑ የሚያዝኑት ለሚያዩት ነው፤ ከተራራው ማዶ ያለችው ጎጥ ግን አትታይም። እኛን ወደዚያች ጎጥ የወሰደን ኀዘን አልነበረም፤ የስም ዝርዝር ነው።

ባለ ጥብቅና

ሚዛን ያዥ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአርሊንግተን የጻፉት ወዳጃችን የጠበቃነቱን ሥራ ስለ ወሰዱብኝ እኔ ወደ ትርጉሙ ልግባ።

አማርኛችን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቅጽል ይጠራል፦ ሰብአዊ መብት፣ ሰብአዊ ሕግና ሰብአዊ እርዳታ። ሰብአዊ መብት በሰላምም በጦርነትም ጊዜ የሚጸና፣ በዋናነት መንግሥት የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፍ ሰብአዊ ሕግ የምንለው የጦርነት ሕግ ነው፤ አራቱ እ.ኤ.አ. የ1949 የጄኔቫ ስምምነቶች የዚህ መሠረት ሲሆኑ ለአራቱም የጋራ የሆነው ሦስተኛው አንቀጽ በአንድ አገር ውስጥ የሚደረግን ጦርነት ስለሚመለከት መንግሥትንም አማፂንም እኩል ያስገድዳል። ሰብአዊ እርዳታ ግን ሥራ ነው፤ እህል፣ ውኃ፣ መድኃኒት፣ መጠለያ። የመብት ተሟጋች ሥራው መናገር ነው፤ እህል የሚያደርሰው ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ ለመድረስ ሲል ዝም ይላል። ሁለቱንም «ሰብአዊ» ብለን ስለምንጠራቸው ሕዝቡ የአንዱን ሥራ ከሌላው ይጠብቅና ሳያገኘው ሲቀር «ሰብአዊነት ውሸት ነው» ይላል።

ይህ ጉዳይ በአገራችን ሁለት ጊዜ በጉልህ ታይቷል። ኢትዮጵያ የራሷን ቀይ መስቀል ማኅበር ያቋቋመችው በ1927 ዓ.ም. ወረራው ሲያንዣብብ ነበር። ወራት ሳያልፉ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ ደበደቡት። ከጄኔቫ የተላከው የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሐኪም ማርሴል ዡኖ በቆረም አካባቢ በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቷል፤ ቁስለኞቹ «አቤት፣ አቤት» እያሉ ሲጮኹ መስማቱንም በኋላ በማስታወሻው ጽፏል። የመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ጋዙ መረጃ ሲጠይቅ ግን ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ገለልተኝነቱን ጠቅሶ የያዘውን ሳይሰጥ ቀረ።

ሁለተኛው የ77ቱ ዘመን ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቆረም መጠለያ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ የዓለም እርዳታ ጎረፈ። በዚያው ጊዜ ደርግ ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ 600 ሺህ ያህል ሰው ያሰፍር ነበር፤ ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አልሄዱም። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን እርዳታው ሰውን አስገድዶ ለማስፈር መሣሪያ ሆኗል ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። ሌሎቹ ድርጅቶች አብዛኞቹ ዝም ብለው ቀሩና ሥራቸውን ቀጠሉ። የተናገረው ታማሚዎቹን ትቶ ወጣ፤ ዝም ያለው ታማሚዎቹን እያከመ ባየው ነገር ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለቱም በሰብአዊነት ስም ያደረጉት ነው።

እኔ በ1928ቱ ላይ ፍርዴ የከረረ ነው፤ የጋዙን ማስረጃ መደበቅ ገለልተኝነት አልነበረም፤ የገለልተኝነት ልብስ የለበሰ ኃያሉን መፍራት ነበር። በ77ቱ ላይ ግን እንዲህ ቆርጬ መናገር አልችልም።

ሲረን

ባለ ጥብቅና፣ በ1928ቱ እስማማለሁ። የ77ቱን በተመለከተ፣ በዚያ ዘመን በአንድ መጠለያ የሠሩ ታላቅ እኅቴ «የሚናገርም ያስፈልጋል፣ የሚቀርም ያስፈልጋል፤ ችግሩ ሁለቱ እርስ በርስ ሲናናቁ ነው» ይሉ ነበር። ለበጎ ፈቃደኛ ሰልጣኝ ግን ይህን ሁሉ መጫን አይገባም። ለእሱ የሚያስፈልገው ያየውን ለማን እንደሚናገር ማወቅ ነው፤ ለኃላፊው ይናገራል እንጂ በስልኩ ቀርጾ በማኅበራዊ ሚዲያ አይለቅም። ደግሞም ሥራው አደገኛ መሆኑ አይደበቅ፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች በሥራ ላይ ሳሉ ተገድለዋል።

ቃል ፈላጊ

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። አንቀጹን ደግሜ ጽፌዋለሁ። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መሪ ቃል ሲመርጥ «ወገን» አለማለቱን ያስተዋልኩት እናንተን ካነበብኩ በኋላ ነው። አዲሱ ይህ ነው፦

«ሰብዓዊነት ማለት ሰው በመሆኑ ብቻ የማንኛውንም ሰው ሥቃይ ለማስታገስ፣ ሕይወቱንና ክብሩን ለመጠበቅ መነሣት ነው። የምንረዳው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣና ከየትኛው ወገን እንደ ቆመ አንጠይቅም፤ የምንጠይቀው ምን ያህል እንደ ተቸገረ ነው። የባሰበት ይቀድማል።»

«ለወገን ደራሽ ወገን ነው» የሚለውን ከዚህ ገጽ አውጥቼ መዋጮ ስለ መሰብሰብ ወደሚናገረው የመጨረሻ ክፍል አዛውሬዋለሁ። ከአርሊንግተን የጻፉልን ወንድማችን ቅር እንዳይላቸው።

ከአርሊንግተን

ቅር አላለኝም። ቃሉ የሚያገለግለው በሣጥኑ ላይ ነው፤ በስም ዝርዝሩ ላይ እንዳይጻፍ ተጠንቀቁ እንጂ።

ሚዛን ያዥ

አንድ እርማት አለኝ። «አንጠይቅም» ብለው ከጻፉ ሰልጣኞቹ ምዝገባ ላይ ይቸገራሉ፤ ስም፣ ቀበሌና የቤተሰብ ብዛት ሳይጠየቅ የሚሰጥ እህል የለምና። «ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣና ከየትኛው ወገን እንደ ቆመ አይተን አናበላልጥም» ቢሉት ጠረጴዛው ላይ ለሚቀመጠው ልጅ ይቀልለዋል።

የቆሎ ተማሪው

«አናበላልጥም» መልካም ቃል ነው። እርስዎ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሁንም «ሰብዓዊነት» ብለው በዐይኑ ነው የጻፉት።

ቃል ፈላጊ

ሁለቱንም አርሜያለሁ። ነገ ጠዋት ለጎረቤቴ አነብላቸዋለሁ።